አስናቀች ወርቁ፡ በወንዶች መድረክ ላይ የቆመች ባለክራር

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርያትን ቀሚስ ለብሰውና ሻሽ አስረው ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ናቸው። ሴት ልጅ በአደባባይ ቆማ መተወኗ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር፣ ልጁን ለዚህ ሙያ የሚፈቅድ ቤተሰብ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ይህን ልማድ በድፍረት ከሰበሩት ጥቂት ሴቶች መካከል አርቲስት አስናቀች ወርቁ በቀዳሚነት ትጠቀሳለች።

አስናቀች በ1920ዎቹ መጨረሻ ገደማ በአዲስ አበባ ተወለደች። ከመድረክ ጋር የተዋወቀችው በ1940ዎቹ ሲሆን፣ ስሟ ከቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ተውኔት ከ"ዳዊትና ኦርዮን" ጋር ተያይዞ ይነሳል። ይኸው ተውኔት በ1948 ዓ.ም የንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ የዘውድ በዓል ሲከበር ለተመረቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር መክፈቻ ሆኖ ቀርቧል። ደራሲው በወቅቱ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ተውኔቱን የጻፈው የመንግሥት ባለሥልጣን፣ አዳራሹን ያሠራው መንግሥት፣ በመጀመሪያው ረድፍ የሚቀመጡትም መኳንንትና ሚኒስትሮች ነበሩ። ሆኖም ከመጋረጃው በስተጀርባ የምትወጣው ተዋናይት በሰፈሯ "አዝማሪ" ተብላ ትናቅ ነበር። ደራሲው ይከበራል፣ ድርሰቱን በአካሏና በድምጿ ሕይወት የምትሰጠው ሴት ግን ክብሩ አይደርሳትም። ደመወዝ ነበራት፤ ማዕረግ አልነበራትም ማለት ይቻላል።

አስናቀች ይህን ንቀት ፈርታ አልተመለሰችም። እንዲያውም አዝማሪ የሚለው ስም ከሚያያዝበት መሣሪያ አልሸሸችም። ክራር መምታትን በራሷ ጥረት ተምራ በትወናዋ ላይ ሙዚቃን ጨመረችበት። ስንኝ ወዲያው ፈጥራ የመመለስ ችሎታዋ፣ ውዝዋዜዋና የአለባበስ ውበቷ በዘመኑ ከነበሩት የመድረክ ሰዎች ለይተው አሳውቀዋታል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ትወናዋንና ክራሯን ነጣጥሎ መመልከት አግባብ አይደለም፤ ዘፈኗን ስትጫወት ቃሉን እንደ ተዋናይ ትናገረዋለች፣ ዜማውም ተከትሎት ይሄዳል። "እንደ እየሩሳሌም" የተሰኘው ዜማዋ ለዚህ ምስክር ነው።

የቴአትር አዳራሾቹ በዋና ከተማዋ የተወሰኑ በመሆናቸው፣ ከባሌ ደጋ፣ ከጎሮ ወይም ከጎባ ተነሥቶ ተውኔት ለማየት አዲስ አበባ መድረስ ለዚያ ዘመን ነዋሪ ቀላል ጉዞ አልነበረም። ሬዲዮና ሸክላ ግን መድረኩ የማይደርስበት ይደርሱ ነበር።

ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ቴአትር ቤቱ ብሔራዊ ቴአትር ተብሎ ሲሰየም አስናቀች በሙያዋ ቀጥላለች። በኋለኛ ዘመኗ ጤናዋ ታውኮ ከመድረክ ብትርቅም፣ እ.ኤ.አ በ2003 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው የ"ኢትዮፒክስ" ተከታታይ 16ኛው ቅጽ "ባለክራሯ እመቤት" በሚል ትርጉም በሚነገር ርእስ ለእርሷ ሥራዎች ብቻ ተመድቦ ታትሟል። አገር ውስጥ ያደገው ትውልድ ብዙም የማያውቃትን ባለሙያ የውጭ አድማጮች በዚህ አልበም አወቋት።

አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም በአዲስ አበባ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች። የሕይወት ታሪኳን የሚያሳየው የራሔል ሳሙኤል ዘጋቢ ፊልም "አስኒ" ለተመልካች የቀረበው እርሷ ካረፈች በኋላ እ.ኤ.አ በ2013 ነው።