ከጀርሚስተን የተነሡት የግዙፉ ቁጥር ባለቤት

ጆሃንስበርግ ጂፒ በሚባለው ሰፈር የምትነግዱ ወገኖቻችን፣ ከከተማው በስተምሥራቅ ያለችውን ጀርሚስተንን ታውቋታላችሁ። በወርቅ ማጣሪያዋ የታወቀች ከተማ ናት። ዛሬ የምናነሣቸው ሰው ግን ስማቸው በወርቅ ሳይሆን በቁጥር ነው የተጠራው። እሳቸውም ስታንሊ ስክዩዝ ናቸው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ስክዩዝ የተወለዱት በ1899 ሲሆን፣ በአካባቢው በ1886 በተገኘው ወርቅ ሰበብ እንግሊዞችና ቦኤሮች ጦርነት የገጠሙበት ዓመት ነበር። በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምህንድስና ተመረቁ። ልባቸው ግን ወደ ሒሳብ አዘነበለና ወደ ካምብሪጅ ተሻግረው ከታላቁ የሒሳብ ሊቅ ከሊትልዉድ ሥር ተማሩ።

የተማሩት ስለ ብቸኛ ቁጥሮች ነበር። ብቸኛ ቁጥር ማለት ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ነው። ከ1 በላይ ያለ ሌላ ሙሉ ቁጥር ሁሉ የብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ነው። ለምሳሌ 1886 ሲበተን 2 × 23 × 41 ይሆናል። የተወለዱበት 1899 ደግሞ 3 × 3 × 211 ነው። ዝነኛው ሥራቸው የወጣበት 1933 ግን አይበተንም፤ ራሱ ብቸኛ ነው።

ጀርመናዊው ጋውስ የብቸኛ ቁጥሮችን ብዛት የሚገምት ቀመር ትቶ ነበር። እስከ አንድ ሚሊዮን ድረስ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 78,498 ናቸው፤ ቀመሩ 130 ያህል ያስበልጣል። ከትናንሾቹ ቁጥሮች በኋላ በተሞከረበት ቦታ ሁሉ ግምቱ ከእውነቱ ስለሚበልጥ፣ ለዘላለም እንደዚያው ይሆናል ተብሎ ታመነ። በ1914 ሊትልዉድ ይህ እምነት ስሕተት መሆኑን አረጋገጡ፤ የት ላይ እንደሚፈርስ ግን አላመለከቱም።

ይህን የመለሱት የጀርሚስተኑ ልጅ ናቸው። እስከ ዛሬ ያልተረጋገጠው የሪማን መላምት እውነት ከሆነ፣ እምነቱ የሚፈርስበት ቦታ ከአንድ ወሰን እንደማያልፍ በ1933 አሳዩ። ያ ወሰን የስክዩዝ ቁጥር ይባላል። ትልቅነቱን ለመገመት 1 ጽፋችሁ 34 ዜሮ ደርድሩ። እንደገና 1 ጽፋችሁ በዚያ ቁጥር ልክ ዜሮ ደርድሩ። ለሦስተኛ ጊዜ 1 ጽፋችሁ በሁለተኛው ቁጥር ልክ ዜሮ ደርድሩ። የዓለም ወረቀት ሁሉ አይበቃውም! በ1955 ደግሞ መላምቱ ሐሰት ቢሆንም እንኳ የሚያገለግል፣ ከዚህም የሚበልጥ ወሰን አወጡ።

ከዚያ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ወሰኑን እያሳነሱ በ2000 ወደ 317 አኃዝ ቁጥር አውርደውታል። እስከ 10 ቢሊዮን ቢሊዮን ድረስ ደግሞ እምነቱ እንዳልፈረሰ በኮምፒዩተር ተረጋግጧል። በቢሊዮን በሚቆጠር ምሳሌ የተደገፈ እምነት ሐሰት ሆነ ማለት ነው።

ስክዩዝ ይህን ሲሠሩ በአገራቸው ሌላ ነገር ይሠራ ነበር። በ1953 የጥቁሮችን ትምህርት ዝቅ የሚያደርገው የባንቱ ትምህርት ሕግ ወጣ። ሕጉን ያቀረቡት ሚኒስትር ፈርዉርት፣ ለጥቁር ልጅ ሒሳብ ማስተማር ምን ይጠቅማል ብለው ይከራከሩ ነበር። ከጀርሚስተን ነጭ ልጅ ካምብሪጅ ሲደርስ፣ እዚያው የተወለደው ጥቁር ልጅ ገና ከመነሻው በሩ ተዘጋበት። ስንት ስክዩዝ ባክኖ ቀርቶ ይሆን?

ስክዩዝ በ1988 ሲያርፉ አፓርታይድ ገና አልወደቀም ነበር። ሁሌም እንዲህ ነበር፣ ወደፊትም እንዲሁ ይቀጥላል የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። በ1994 ግን ጥቁሩም መርጦ፣ አገሪቱ በማንዴላ ተመራች። እስከ ዛሬ መቆየት ለነገ ማስረጃ አይሆንም፤ በቁጥርም ሆነ በአገር።