የደም ሥር የሌለበትን ቦታ የፈለጉት ሐኪም

እናቴ ኡካ ዶሮ ታስታቅፋለች። ዐሥር ቀን ገደማ ሲሆን ማታ በባትሪ እያበራች እንቁላሎቹን ታያለች። ውስጡ ቀይ ክር የመሰለ ነገር ከታየ ትመልሰዋለች፣ ካልታየ ታወጣዋለች። ባትሪውን የምይዝላት እኔ ነበርኩ። ያ ቀይ ክር ለካንሰር ምርምር እንደሚያገለግል ያወቅሁት ግን መቱ መጥቼ ባዮሎጂ ስማር፣ ያውም አክስቴ በጡት ካንሰር ካረፈች በኋላ ነው። ውድ አንባቢያን፣ ስለዚህ ዛሬ የፕሮፌሰር ጁዳ ፎክማንን ሕይወት በአጭሩ ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፎክማን በ1933 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የአይሁድ ረቢ ነበሩ፤ ልጅ ሳሉ አባታቸው ሆስፒታል የታመመ ሲጠይቁ አብረው ይሄዱ ነበር። በ1957 ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቀው በቀዶ ሕክምና ሠለጠኑ።

ነገሩ የተጀመረው በ1960 ለባሕር ኃይል አገልግሎት በተጠሩ ጊዜ ነው። ከፍሬደሪክ ቤከር ጋር ሆነው ደምን የሚተካ ፈሳሽ ይሞክሩ ነበር። ከጥንቸል የወጣ ታይሮይድ (እንቅርት የሚያብጥበት ዕጢ ማለት ነው) በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ፈሳሹ እየተላለፈበት ሳለ የአይጥ የካንሰር ሕዋሳት አስገቡበት። ካንሰሩ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል አድጎ ቆመ። ሞቷል እንዳይባል፣ ወደ አይጥ ሲመለስ እንደገና በፍጥነት አደገ። ልዩነቱ ምንድን ነው? አይጧ ውስጥ አዲስ የደም ሥር ይበቅልለታል፣ ብርጭቆው ውስጥ ግን አይበቅልለትም።

በ1967፣ በ34 ዓመታቸው፣ የቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ኃላፊ ሆኑ። በ1971 ሐሳባቸውን አሳተሙ፤ ካንሰር ለማደግ የደም ሥር ወደ ራሱ ይጠራል፣ ጥሪው ከተቋረጠ ባለበት ይቀራል የሚል ነው። ብዙዎች አልተቀበሏቸውም። ሥሩ የሚመጣው በሰውነት መቆጣት ነው እንጂ ካንሰሩ ጠርቶት አይደለም ተባሉ።

ታዲያ ክርክሩን የሚፈታው ጥሩ ሞዴል ነው። በደም ሥር በተሞላ ሥጋ ላይ አሮጌውን ከአዲሱ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ፎክማንና ባልደረቦቻቸው የደም ሥር የሌለበትን ቦታ መረጡ፤ የጥንቸል ኮርኒያን፣ ማለትም ጥርት ያለውን የዓይን ሽፋን። የካንሰር ቁራጭ እዚያ ሲቀመጥ ሥሮች ከዳር ተነሥተው ወደ እሱ ሲያመሩ ይታያል፣ ይለካልም። ሌላው ሞዴል የእናቴ እንቁላል ነው። ቅርፊቱ ተከፍቶ ከሥሩ ባለው ስስ ሽፋን ላይ ካንሰር ወይም መድኃኒት ይቀመጥበታል። ርካሽና ፈጣን ነው፤ ግን ሽፋኑ ቀድሞም የደም ሥር ስላለው አዲሱን ለመለየት ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1979 ደግሞ የቀጫጭን የደም ሥሮችን ሕዋሳት በላቦራቶሪ ሳሕን ማሳደግ ቻሉ።

በ1981 የቀዶ ሕክምና ኃላፊነታቸውን ትተው ወደ ምርምሩ አዘነበሉ። በ1994 እና በ1997 ከላቦራቶሪያቸው አንጂዮስታቲንና ኢንዶስታቲን የተባሉ የደም ሥር እድገት የሚገቱ ፕሮቲኖች ተገኙ። የአይጦቹ ካንሰር ሟሸሸ። በ1998 ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ የዓለም ሕሙማን ተስፋ አደረጉ። ፎክማን ግን ውጤቱ የአይጥ መሆኑን ደጋግመው ያሳስቡ ነበር። እንደፈሩትም ኢንዶስታቲን በሰው ላይ ያን ያህል አልሠራም።

በ2004 በዚሁ መንገድ የሚሠራ ቤቫሲዙማብ የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ ለትልቁ አንጀት ካንሰር ተፈቀደ። ለጡት ካንሰርም በ2008 ተፈቅዶ ነበር፤ ዕድሜ ማራዘሙ ስላልተረጋገጠ በ2011 ፈቃዱ ተነሣ። እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ላይ ስደርስ አክስቴን አስቤ መጽሐፉን ዘጋሁት። አይጧ የዳነችበት መንገድ እሷን ላያድናት ይችል ነበር ማለት ነው። ኋላ ግን ተመልሼ ከፈትኩት። ምክንያቱም ይኸው ሐሳብ ዛሬ በዓይን ውስጥ ያላግባብ የሚበቅለውን ሥር እየገታ የብዙ አረጋውያንን ብርሃን ያቆያል።

ፎክማን ጥር 14 ቀን 2008 ወደ ስብሰባ ሲጓዙ በዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ በልብ ድካም አረፉ።

ከሕይወታቸው የወሰድኩት፣ ሞዴል አንድን ጥያቄ አጥርቶ ማሳያ እንጂ ሰውን የሚተካ አለመሆኑን ነው። ለመምህራኖቻችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። ውድ መሣሪያ እስኪመጣ ከምንጠብቅ፣ በተግባር ትምህርት ቢያንስ በእንቁላል የደም ሥር እንይ። እንቁላልና ባትሪ እንደሆነ መቱም ኡካም አይጠፋም።