ካውንት ቮን ሮዘን፦ ዕድሜያቸውን በሰው አገር ሰማይ የፈጸሙት አብራሪ

የኢትዮጵያ አየር ኃይል የመጀመሪያ ዘመን ታሪክ ሲነሣ ስማቸው ከማይቀር የውጭ ዜጎች አንዱ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ናቸው። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በሦስት የተለያዩ ዘመናት፣ ለሦስት የተለያዩ ሥራዎች ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በቀይ መስቀል አውሮፕላን አበረሩ፤ ከነጻነት በኋላ በቢሾፍቱ የአየር ኃይሉን አብራሪዎች አሠለጠኑ፤ በእርጅናቸው ዘመን ደግሞ ድርቅ ለጎዳው ገበሬ እህል ከሰማይ አወረዱ። በእነዚህ መካከል ባሉት ዓመታት ከአገር አገር፣ ከጦርነት ጦርነት እየዞሩ የአብራሪነት ሥራ ሲፈልጉ ኖረዋል።

የተወለዱት ነሐሴ 13 ቀን 1901 ዓ.ም ሲሆን ቤተሰቡ በስዊድን የታወቀ የመሳፍንት ወገን ነበር። አባታቸው ካውንት ኤሪክ ቮን ሮዘን አሳሽና ተጓዥ ነበሩ። በ1910 ዓ.ም ፊንላንድ በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ አንድ አውሮፕላን ገዝተው ለነጮቹ ወገን ጦር ሰጡ፤ የፊንላንድ አየር ኃይልም ጅማሬውን ከዚያች አውሮፕላን ይቆጥራል። ለሌላ አገር ጦርነት አውሮፕላን ይዞ መሄድ በዚህ ቤት እንግዳ ነገር አልነበረም ማለት ነው።

በዚሁ ቤት የተፈጠረ ሌላ ዝምድና ግን ለልጁ ዕድሜ ልክ የሚከተል ጥላ ሆነ። በ1912 ዓ.ም ክረምት የበረዶ ማዕበል በነበረበት ቀን አባታቸውን በአውሮፕላን ወደ ቤታቸው ያደረሰው ጀርመናዊ አብራሪ ኸርማን ጎሪንግ ይባል ነበር። ጎሪንግ በዚያ ቤት ያገኛትን የካርል ጉስታፍን አክስት፣ የእናታቸውን እኅት፣ በኋላ አገባ። በዚያን ጊዜ የቀድሞ ወታደር የነበረው ይህ ሰው ከዓመታት በኋላ የናዚ ጀርመን አየር ኃይል አዛዥ ሆነ።

ወጣቱ ቮን ሮዘን በረራ ተምረው በትርዒት አብራሪነት እንጀራቸውን መብላት ጀመሩ። አውሮፕላን በአየር ላይ እያገላበጡ ሕዝብ ማስደነቅ ብርቅ ሙያ ቢሆንም ከጭብጨባ በቀር የሚያተርፈው ነገር ጥቂት ነው። ፋሺስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም ኢትዮጵያን ስትወርር የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ላከ፤ እርሳቸውም በአብራሪነት ተሰልፈው መጡ። ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነበር።

ያ ጦርነት የቀይ መስቀልን ምልክት አላከበረም። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም የጣሊያን አውሮፕላኖች በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ሰፍሮ የነበረውን የስዊድን ሆስፒታል በቦምብ ደበደቡ፤ ተኝተው የነበሩ ቁስለኞች አለቁ፤ ከስዊድናውያኑም አንዱ ሕይወቱን አጣ። ቮን ሮዘን በሰሜን ግንባር ወደ ኮረም የስዊዘርላንዱን የቀይ መስቀል ሐኪም ማርሴል ዡኖን ይዘው በረሩ። በመጋቢት ወር መሬት ላይ ቆማ የነበረችው ምልክት ያላት አውሮፕላናቸው ከአየር ተደብድባ ጋየች። በኮረም ዙሪያ በመርዝ ጋዝ የተቃጠለው የገበሬ ሠራዊት መድኃኒት ሳይደርስለት ሲያልቅ ማየታቸው፣ በኋላ ለሠሩት ሥራ ሁሉ፣ ለመልካሙም ለሚያከራክረውም፣ መነሻ ይመስላል።

ኢትዮጵያ በጠላት እጅ ስትወድቅ ወደ አውሮፓ ተመልሰው በኔዘርላንድሱ አየር መንገድ በኬ ኤል ኤም ተቀጠሩ። ደመወዝ፣ የደንብ ልብስና የታወቀ መስመር ያለው፣ አብራሪ ሁሉ የሚመኘው ሥራ ነበር። ሶቭየት ኅብረት በኅዳር 1932 ዓ.ም ፊንላንድን ስትወርር ግን ሥራቸውን ጥለው ሄዱ። ሁለት ትንንሽ የጦር አውሮፕላኖችና አንድ ዲሲ 2 የመንገደኛ አውሮፕላን ተገዝተው ለፊንላንድ እንዲደርሱ አደረጉ። ዲሲ 2ቷ ወንበሮቿ ተነቅለው ቦምብ ጣይ ሆነች፤ እርሳቸውም በውርጭ ሌሊት ከሶቭየት ይዞታ በላይ አብርረዋታል። ከዚያ በኋላ በጭነት ሥራ አገለገለች፤ እስከ ዛሬም በፊንላንድ ተጠብቃ ትታያለች።

ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ቀድሞ ሥራቸው ቢመለሱም ናዚ ጀርመን በግንቦት 1932 ዓ.ም ኔዘርላንድስን ያዘች። ቮን ሮዘን ለብሪታንያ አየር ኃይል ለመብረር አመለከቱ። በሁለት ጦርነቶች የተፈተኑ አብራሪ ቢሆኑም ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም፤ የጎሪንግን የሚስት ወገን ማን አምኖ አውሮፕላን ይሰጠዋል? ጎሪንግ አየር ኃይሉን ልኮ ለንደንን ሊያነድድ በተዘጋጀበት ሰዓት ነበርና ብሪታንያውያኑን መውቀስም አይቻልም። እርሳቸው ግን በአክስታቸው ጋብቻ ምክንያት ሊዋጉ የፈለጉትን ጠላት ሳይዋጉ ቀሩ። የጦርነቱን ዓመታት በስዊድን አየር መንገድ በመንገደኛ በረራ አሳለፉ።

ኢትዮጵያ ነጻነቷን ካስመለሰች በኋላ አየር ኃይሏን እንደ አዲስ መገንባት ነበረባት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቅኝ ገዥ ያልነበረች ትንሽ አገር ይመርጡ ስለነበር ዓይናቸው ስዊድን ላይ ዐረፈ። ቮን ሮዘን ከ1938 ዓ.ም ጀምሮ የስዊድን አሠልጣኞችን ይዘው በቢሾፍቱ ሥራ ጀመሩ። ለሥልጠና ሳፊር የሚባሉት ቀላል አውሮፕላኖች፣ ለውጊያ ደግሞ ሳብ 17 ቦምብ ጣዮች ከስዊድን መጡ። አውሮፓን፣ ሜዲትራኒያንን፣ ግብጽንና ሱዳንን ተሻግረው የሚመጡት በራሳቸው ክንፍ ነበር። በግንቦት 1939 ዓ.ም ቮን ሮዘን አንዲት ሳፊር ላይ ተጨማሪ ነዳጅ ጭነው ከስቶክሆልም ተነሡና የትም ሳያርፉ አዲስ አበባ ገቡ። ከ6 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው ጉዞ ከ30 ሰዓት በላይ ፈጅቷል። እንዲህ ባለች ትንሽ አውሮፕላን ለዚያን ያህል ሰዓት እንቅልፍን መታገል ከማብረሩ ይልቅ ሳይከብድ አይቀርም።

ሥራው ሁሉ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በወረራው ዘመን የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመሩት ጥቁር አሜሪካዊው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም ተመልሰው መጥተው ወጣቶችን እያሠለጠኑ ነበር። በአገሩ በቀለሙ የተገፋው አብራሪና የመሳፍንቱ ልጅ መስማማት አልቻሉም። ጠባቸው ከረር ብሎ ሮቢንሰን ከአየር ኃይሉ ወጡ፤ በሌላ የበረራ ሥራ ኢትዮጵያን ሲያገለግሉ ቆይተው በ1946 ዓ.ም በአውሮፕላን አደጋ አረፉ፤ አጽማቸውም አዲስ አበባ ይገኛል። ለኢትዮጵያ የለፉ የሁለት ሰዎች ጥል በመሆኑ፣ ቮን ሮዘንን የሚያወድሱ ጽሑፎች ይህን ምዕራፍ ብዙ ጊዜ መዝለላቸው ተገቢ አይደለም።

በአሠልጣኝነት የቆዩት አሥር ዓመት ያህል ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ራሳቸው አሠልጣኝ ለመሆን በቁ፤ ከአሜሪካ ጋር በተደረገው ወታደራዊ ስምምነትም የአሜሪካ አውሮፕላኖችና አሠልጣኞች መግባት ጀመሩ። ቮን ሮዘን በ1948 ዓ.ም ገደማ ተሰናብተው ሄዱ። የሌላ አገር አየር ኃይል ያደራጀ የአርባ ሰባት ዓመት ሰው በአገሩ የሚጠብቀው ወታደራዊ ማዕረግ አልነበረውም። ትራንስኤር በሚባል የስዊድን የኪራይ አውሮፕላን ድርጅት ተቀጠሩ። ድርጅቱ በኮንጎ ለተባበሩት መንግሥታት ያበርር ስለነበር ወደዚያም ዘመቱ። መስከረም 8 ቀን 1954 ዓ.ም ዋና ጸሐፊው ዳግ ሐመርሾልድ በንዶላ አቅራቢያ የሞቱባት አውሮፕላን የዚሁ ድርጅት ነበረች፤ ቮን ሮዘን በዚያ በረራ ላይ አልነበሩም።

ስማቸውን ዓለም ያወቀው በቢያፍራ ነው። በ1959 ዓ.ም የናይጄሪያ ምሥራቃዊ ክፍል ቢያፍራ ተብሎ ሲገነጠል መንግሥት መግቢያ መውጫውን ዘጋ፤ ሕፃናት በረኃብ ማለቅ ጀመሩ። በነሐሴ 1960 ዓ.ም ቮን ሮዘን የእርዳታ ጭነት የሞላ የትራንስኤር አውሮፕላን ይዘው፣ የፀረ አውሮፕላን መሣሪያ እንዳያገኛቸው የዛፎቹን ጫፍ ሊነኩ እስኪቃረቡ ዝቅ ብለው በረሩና ኡሊ በምትባለው፣ ከመኪና መንገድ በተሠራች ማረፊያ አረፉ። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ የአብያተ ክርስቲያናት የእርዳታ በረራዎች በረከቱ።

በዚህ ቢበቃቸው ኖሮ ታሪካቸው ቀላል በሆነ ነበር። እርሳቸው ግን ረኃቡን የሚያመጣው ጦርነቱ ስለሆነ እህል ማመላለስ ብቻውን ዋጋ የለውም ብለው አመኑ። በስዊድን ለስፖርት የሚሠሩ አምስት ትንንሽ ኤም ኤፍ አይ 9 አውሮፕላኖች አስገዙ፤ ጋቦን ላይ በክንፋቸው ሥር ሮኬት ተገጠመላቸው። በግንቦት 1961 ዓ.ም በስልሳ ዓመታቸው ዋዜማ ቡድኑን ራሳቸው መርተው የፖርት ሃርኮርትን የአውሮፕላን ማረፊያ መቱ፤ በቀጣዮቹ ቀናትም ሌሎች ማረፊያዎችና የኃይል ማመንጫ ተመቱ። አንዳንዱ ጀግና አላቸው፤ ናይጄሪያ ግን ቅጥረኛ ወራሪ አለቻቸው። ቀድሞ አየር ኃይላቸውን ያሠለጠኑላቸው ንጉሠ ነገሥት በዚያው ሰዓት የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ኮሚቴ እየመሩ የናይጄሪያ አንድነት ሳይፈርስ ዕርቅ እንዲወርድ ይደክሙ ነበር። ሮኬቶቹ ጦርነቱን አላሳጠሩም፤ ቢያፍራ በጥር 1962 ዓ.ም እጇን ሰጠች።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ከሁሉም የተሻለው ነው። ወሎን የፈጀው የ1965 እና 66 ዓ.ም ረኃብ ዓለምን ሲያስደነግጥ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። እህል በወደብ ቢደርስም፣ በጭነት መኪና እስከ ከተማ ቢመጣም፣ ከዚያ ወዲያ ገደልና ሸለቆ ነበር። የተራበ ገበሬ ቀናት በእግሩ ተጉዞ ወደ መጠለያ ሲወርድ መንገድ ላይ ይቀራል፤ የደረሰውም በሬውንና ማሳውን ጥሎ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ እህሉ ሰዎቹ ካሉበት መንደር መድረስ ነበረበት። ቮን ሮዘን ከቢያፍራዎቹ ጋር ዘመድ የሆኑ፣ ኤም ኤፍ አይ 15 የሚባሉ ትንንሽ አውሮፕላኖችን አስመጡ፤ በወዲያኞቹ ክንፍ ሥር ሮኬት በተንጠለጠለበት ቦታ በእነዚህኞቹ ላይ የእህል ጭነት ታሰረ። ጃንጥላ አልነበረውም፤ ጭነቱ መሬት ሲመታ እንዳይበተን አብራሪው ዝቅ ብሎና ፍጥነቱን ቀንሶ በትክክለኛዋ ቅጽበት መልቀቅ አለበት። በደጋ ስስ አየር፣ በተራራ መካከል ይህን ማድረግ ከውጊያ በረራ የሚያንስ ጥበብ አይጠይቅም። ትንሽ አውሮፕላን የምትይዘው እህል ከጭነት መኪና ጋር አይወዳደርም፤ ነገር ግን መኪና በማይደርስበት ቦታ ጥቂት ኩንታልም ቢሆን ለዘር የተቀመጠው እንዳይበላ ያደርጋል።

መንግሥት ተለወጠ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፤ ደርግ መጣ። ቮን ሮዘን በእርዳታ ሥራው ቀጠሉ። በ1969 ዓ.ም ክረምት በዋቢ ሸበሌ ዳር ባለችው ጎዴ ነበሩ። የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወርር ጎዴ ከመጀመሪያዎቹ ዒላማዎች አንዷ ሆነች። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም በተከፈተው ድንገተኛ ጥቃት፣ በአየር ላይ ሳይሆን በምድር ላይ እንዳሉ ተገደሉ። ስልሳ ስምንተኛ ዓመታቸውን ለመድፈን አንድ ወር ከሳምንት ያህል ቀርቷቸው ነበር።