የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ አጭር የሕይወት ታሪክ

ከጨዋታ በኋላ የሚነሣው ክርክር ከጨዋታው ይልቅ እንደሚረዝም በመካነ ሰላም የሚማር ሁሉ ያውቀዋል። የቅርጫት ኳስም ይሁን የእግር ኳስ፣ ያሸነፈው ወገን ደጋፊ እስከ እራት ሰዓት ድረስ የገባውን ግብ ሁሉ እንደ አዲስ ሲቆጥር ያመሻል፤ የተሸነፈውም ዳኛውን ሲወቅስ ያድራል። ይህ የወግ ነው፤ እኛም አንጠላውም። የምንጠላው ክርክሩ መልኩን ሲለውጥ ነው። ይኸውም ስለ ተጫዋቹ ጉልበትና ብልሃት መነጋገሩ ቀርቶ የማን ወገን ነው፣ ከየት መጣ፣ ስሙስ የየት አገር ስም ነው ወደሚለው ሲዞር ማለታችን ነው። ይህ ጥያቄ ከስልሳ ዓመት በፊት፣ ያውም የአፍሪቃ ዋንጫ በቀረበበት ሜዳ፣ ለአንድ ታላቅ ሰው ቀርቦላቸው መልስ ሰጥተውበታል። ስለዚህ በዚህ እትም የእኚህን ሰው ታሪክ ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው የመኪና ሥራ የተማሩ፣ እዚያም ሳሉ ዘፈናቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ በግጥማቸውና በጨዋታ አዋቂነታቸው ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣ ሰው ነበሩ። የልጅ ኢያሱም የቅርብ ወዳጅ ነበሩ። ልጅ ኢያሱ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ድል ከሆኑ በኋላ መጥተው የተጠጉት በእኛው በአምባ መቅደላ ነው፤ ብዙ ወራት ተከበው ከቆዩ በኋላ ከበባውን ሾልከው ወጡ። የጌታ መውደቅ ለወዳጅም ስለሚተርፍ የነጋድራስ ተሰማም ኑሮ ከዚያ ወዲያ እንደ ቀድሞው አልሆነም። አምባችን በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላት ድርሻ ይህችው ብቻ ናት፤ ሳንጠቅሳት ብናልፍ ግን የአገራችን ሰው ይቀየመናል።

ይድነቃቸው የተማሩት አዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነው። ፈረንሳይኛውን እዚያ አገኙት፤ በኋላም በዓለም ጉባኤ ላይ የጠቀማቸው ይኸው ቋንቋ ነው። ኳሱን ግን ያገኙት በአራዳ ነው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ወጣቶች ቅዱስ ጊዮርጊስ የተባለውን ቡድን መሠረቱ፤ ለኳስ መግዣ ባዶ ጠርሙስና ቡሽ እየሰበሰቡ ይሸጡ ነበር ይባላል። ከሁለቱ መሥራቾች የአንደኛው ስም የግሪክ ስም መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ይድነቃቸው ገና በልጅነታቸው ወደዚህ ቡድን ገብተው እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ያህል፣ ማልያውን አላወለቁም።

ቡድኑ በተመሠረተ በጥቂት ወር ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ኢጣሊያኖች ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ እንዳይጫወት ከለከሉ። የኢትዮጵያውያን ቡድኖች እርስ በርሳቸው ብቻ እንዲገጥሙ ሆነ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙ ተለውጦ ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር ተባለ። አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የሚጫወትበት ቡድን ስም ሲፋቅ፣ ከማን ጋር መግጠም እንደሚገባውም በቆዳው መልክ ሲወሰንበት ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም። ይድነቃቸው በኋላ ዘመን ስለ ዘርና ስለ ስም የያዙት አቋም ሥሩ ከዚህ ዘመን ሳይሆን አይቀርም የምንለው ስለዚህ ነው።

ከነጻነት በኋላ የስፖርት ነገር እንደ ሌላው ሁሉ ከባዶ መጀመር ነበረበት። በ1935 ዓ.ም. የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋም ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። በዚያን ጊዜ በከተማው የነበሩት ቡድኖች አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ፣ የኢጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የእንግሊዝ የጦር መልእክተኞችም ቡድን ነበረ። በ1936 የመጀመሪያውን ሻምፒዮንነት የወሰዱት እንግሊዞቹ ሲሆኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ ለዚህ ክብር የበቃው በ1942 ነው።

ይድነቃቸው በአንድ በኩል እየተጫወቱ በሌላው በኩል የስፖርት ሕጎችን ወደ አማርኛ መለሱ። ይህ ሥራቸው ከግባቸው ያነሰ ይወራለታል፤ እኛ ግን ከግባቸው እናስበልጠዋለን። ሕጉን በባዕድ ቋንቋ ያነበበ ዳኛና ሕጉን ጨርሶ ያላነበበ ተጫዋች አንድ ሜዳ ላይ ሲገናኙ የሚሆነው ለማንም አይጠፋም። ለብሔራዊ ቡድን 15 ጊዜ ተሰልፈዋል፤ ከዚያም አሠልጣኝ ሆኑ፤ የኦሊምፒክ ኮሚቴውንም ሥራ ያዙ። በዚያ ዘመን አንድ ሰው ይህን ሁሉ ሥራ ደራርቦ መያዙ የሰው እጥረት ያመጣው ነበር እንጂ እንደ ዛሬው የወንበር ፍቅር ብቻ አልነበረም።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. የግብጽ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪቃ መልእክተኞች በካርቱም ተሰብስበው የአፍሪቃን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ። የመጀመሪያውም ዋንጫ በዚያው ወር በዚያው ከተማ ተደረገ። ነገር ግን ደቡብ አፍሪቃ ወይ የነጮች ብቻ ወይም የጥቁሮች ብቻ ቡድን እልካለሁ እንጂ የተቀላቀለ አልልክም አለች። ኢትዮጵያን ወክለው የተገኙት ይድነቃቸውም ሌሎቹም ይህን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪቃ ከውድድሩ ወጣች። በዕጣው መሠረት ከደቡብ አፍሪቃ ጋር መግጠም የነበረባት ኢትዮጵያ ነበረችና ቡድናችን አንድም ጨዋታ ሳያደርግ ለፍጻሜ ደረሰ። ለፍጻሜ መድረሱስ ደረሰ፤ ግብጽ 4 ለ 0 አሸነፈችው። አራቱንም ያስቆጠረው አድ ዲባ የተባለ አንድ ሰው ነው። በ1951 ካይሮ ላይም ሦስት አገሮች ብቻ ተወዳድረው እኛ ሦስተኛ ወጣን።

እንግዲህ በ1954 ዓ.ም. ሦስተኛው ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ እንዲደረግ ሲወሰንና ይድነቃቸው ቡድኑን ሲያዘጋጁ ከኋላቸው የነበረው ታሪክ ይህ ነው። ቡድኑ ከየትም ከየትም የተሰበሰበ ነበረ። ግብ ጠባቂው ጊላሚካኤል ተክለ ማርያም፣ ክፍሎም አርአያ፣ አስመላሽ በርሄ፣ በርሄ ጎይቶም፣ አወድ መሐመድ፣ ጌታቸው ወልዴ፣ ግርማ ተክሌ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስም ወጣቱ መንግሥቱ ወርቁ ነበሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከኤርትራ የመጡ ናቸው፤ ኤርትራ በዚያን ጊዜ በፌዴሬሽን የተዋሐደች ስትሆን ፌዴሬሽኑ የፈረሰው ከጨዋታው አሥር ወር በኋላ ነው። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበረ። ሉቻኖ የአሥመራ ልጅ ሲሆን እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ የኢጣሊያ ወታደር ናቸው። ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎም በቡድኑ ውስጥ ነበረ።

ጥር 6 ቀን ቱኒዝያ 4 ለ 2 ተሸነፈች። ግብጽም፣ በዚያን ጊዜ ስሟ የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ ነው፣ ኡጋንዳን 2 ለ 1 አሸንፋ ቀረበች። ግብጽ ሁለቱንም ያለፉትን ዋንጫዎች የወሰደች ነበረች፤ የካርቱሙ አራት ለባዶም ከማንም አእምሮ አልወጣም።

ፍጻሜው ጥር 13 ቀን እሑድ፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱም ተገኝተው ነበር። በ35ኛው ደቂቃ በደዊ ለግብጽ አገባ። ሕዝቡ እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ በጭንቅ ቆየ፤ በዚያን ጊዜ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ደስታው ግን ገና ከጉሮሮ ሳይወርድ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት በደዊ ሁለተኛውን ደገመ። ሊጠናቀቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቻኖ 2 ለ 2 አደረገው። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አገቡና ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። አራቱን ግቦች ያስቆጠሩት አራት ልዩ ልዩ ሰዎች መሆናቸው ከካርቱሙ ጋር ሲነጻጸር ያስደስታል። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ይህን ዋንጫ አላገኘችም።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንመለስ። በኋላ እንደተተረከው፣ በጊዜው ከነበሩት ባለሥልጣኖች አንዳንዶቹ የሁለቱ ወንድማማቾች ስም የኢጣሊያ ስም መሆኑ ስላልጣማቸው በኢትዮጵያ ስም ይለወጥ ብለው ነበር። ከንጉሠ ነገሥቱም እጅ ዋንጫውን የሚቀበለው ክልስ ሳይሆን ሌላ ተጫዋች ይሁን የሚል አሳብ ቀርቦ ነበር። ይድነቃቸው ሁለቱንም እንቢ አሉ። አምበሉ ሉቻኖ ነው፤ ዋንጫውን የሚቀበል አምበል ነው፤ ከዚህ ሌላ የሚታወቅ ሕግ አልነበረም። ዋንጫውንም ሉቻኖ ቫሳሎ ተቀበለ።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስለን። ጠላት ከወጣ ሃያ ዓመት ብቻ ሆኖት ነበር፤ የኢጣሊያን ስም ሲሰማ ደሙ የሚፈላ ሰው በዚያ ስታዲየም ውስጥ በሺህ ይቆጠር ነበር፤ ለዚህም በቂ ምክንያት ነበረው። ይድነቃቸው ራሳቸው የቡድናቸው ስም የተፋቀባቸው ሰው ናቸው። ሆኖም የተፋቀበት ሰው መልሶ ይፋቅ አላለም። ከዚህም በላይ በካርቱም ለደቡብ አፍሪቃ የተነገረው ቃል አዲስ አበባ ላይ ለራሳችን ሲደርስ ይለወጥ ቢባል ኖሮ የቀድሞው ክርክር ሁሉ ዋጋ ያጣ ነበር። በእኛ አስተያየት ከዚያ ቀን ግቦች ሁሉ የከበደው ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ የይድነቃቸው ሜዳ አፍሪቃ ሆነች። በ1966 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ ለአፍሪቃ፣ ለእስያና ለኦሺያንያ በጠቅላላው አንድ ቦታ ብቻ በተመደበ ጊዜ፣ ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው የአፍሪቃ አገሮች እንዳይካፈሉ አደረጉ። ብዙዎች ዕብደት ነው ብለው ነበር፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ዋንጫ ለአፍሪቃ የራሷ አንድ ቦታ ተሰጣትና ሞሮኮ ሜክሲኮ ደረሰች። በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። የዓለሙ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሰር ስታንሊ ራውስ ለደቡብ አፍሪቃ ያደሉ ስለ ነበረ በ1966 ዓ.ም. የአፍሪቃ ድምፅ ወደ ብራዚሉ ዣኦ ሃቨላንዥ ዞረ፤ ራውስም ወንበሩን ለቀቁ። በ1968 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪቃ ሞንትሪያል ላይ ከፌዴሬሽኑ ጨርሳ ተባረረች።

ሁሉን ሥራቸውን እናመሰግናለን ማለት ግን አንችልም። ለብዙ ዓመታት አንድ አገር በአውሮፓ ከሚጫወቱት ልጆቿ ከሁለት በላይ ለአፍሪቃ ዋንጫ እንዳታሰልፍ ሕግ ነበረ። ይድነቃቸው ተጫዋቾች ወደ ውጭ መፍለሳቸውን አጥብቀው ይፈሩት ነበር፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን ስለ ሉቻኖ ስም ያን ያህል የተከራከሩ ሰው፣ እንጀራውን ፍለጋ ማርሴይ የሄደውን ልጅ ከአገሩ ቡድን የሚያስቀር ሕግ በዘመናቸው መቈየቱ ለእኛ አይዋጥልንም። የአገራቸውም ኳስ እርሳቸው ለአህጉሩ ሲለፉ ወደ ኋላ ቀረ፤ በ1960 ዓ.ም. በገዛ ሜዳችን አራተኛ፣ በ1968ም እንደገና አስተናጋጅ ሆነን ከመጀመሪያው ዙር ወጥተናል። የሁለት መንግሥት ለውጥና የጦርነት ዘመን መሆኑን ግን አንዘነጋም፤ በአንድ ሰው ላይ የሚጫን ዕዳ አይደለም።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በጽኑ ሕመም ተይዘው ሳለ እንኳ የፕሬዚዳንትነቱን ሥራ አልተዉም። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በቡሄ ዕለት በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ደቡብ አፍሪቃ ወደ አፍሪቃ ማኅበር የተመለሰችው ከዚያ አምስት ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። ጥር 25 ቀን 1988 ዓ.ም. ጆሃንስበርግ ላይ ቱኒዝያን 2 ለ 0 አሸንፋ የአፍሪቃን ዋንጫ ወሰደች። ቡድኑ የተቀላቀለ ነበረ፤ ኔልሰን ማንዴላ በተገኙበት ዋንጫውን ከፍ ያደረገው አምበሉ ኒል ቶቪ ነጭ ነው።