ግራኙ ወርዋሪ፦ የሌፍቲ ግሮቭ ሕይወት



በዘንድሮው መጽሔታችን ላስተዋውቃችሁ የመረጥኩት ሰው በእኛ አካባቢ ብዙም በማይዘወተር ስፖርት፣ በቤዝቦል፣ ስሙን የተከለ አሜሪካዊ ነው። ሮበርት ሞዝስ ግሮቭ ይባላል። በግራ እጁ ስለሚወረውር ዓለም የሚያውቀው ሌፍቲ፣ ማለትም ግራኝ፣ በሚል ቅጽል ስም ነው። የሕይወቱ ታሪክ ማሸነፍና መማር ሁልጊዜ አንድ ነገር እንዳልሆኑ ስለሚያሳይ ለትምህርት ቤት የሚስማማ መስሎ ታይቶኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግሮቭ የተወለደው ማርች 6 ቀን 1900 በሜሪላንድ ግዛት፣ ሎናኮኒንግ በምትባል የድንጋይ ከሰል ከተማ ነው። አባቱም ወንድሞቹም ከሰል ቆፋሪዎች ነበሩ። እሱ ትምህርቱን ገና በልጅነቱ አቋርጦ ሥራ ገባ፤ በሐር ፋብሪካ፣ በመስታወት ፋብሪካና በባቡር መጠገኛ ሠራ። ለአጭር ጊዜ ከሰል ጉድጓድም ወርዶ ነበር፤ ያ ሥራ ግን ፈጽሞ አልተስማማውም። በተደራጀ ቡድን ውስጥ ቤዝቦል መጫወት የጀመረው ሃያ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ወርዋሪው ከ18 ሜትር በሚበልጥ ርቀት ላይ ቆሞ ዱላ ወደያዘው መቺ ኳስ ይወረውራል። ኳሷ ከመቺው ጉልበት እስከ ደረቱ ባለው ከፍታ ውስጥ፣ መሬት ላይ ካለችው ነጭ ሰሌዳ በላይ ማለፍ አለባት። መቺው ሦስት ጊዜ ከሳታት ይወጣል። ወርዋሪው ደግሞ አራት ጊዜ ከተወሰነው ቦታ ውጪ ከወረወረ፣ መቺው ምንም ሳይመታ በነፃ ያልፋል። ስለዚህ ወርዋሪ ፍጥነትም ኢላማም ያስፈልገዋል። ግሮቭ ፍጥነቱን ተፈጥሮ ሰጥታው ነበር፤ ኢላማው ግን ገና ነበር።

ወጣት ወርዋሪዎች ብዙውን ጊዜ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሊግ አይገቡም። ማይነር ሊግ በሚባሉት የታችኛው እርከን ቡድኖች ውስጥ ዓመታት ያሳልፋሉ። ትልቅ ተስፋ ከተጣለባቸው ብዙዎቹ ክንዳቸው ተጎድቶ ወይም ኢላማቸው አልስተካከል ብሎ እዚያው ይቀራሉ። ግሮቭም በ1920 በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በማርቲንስበርግ ቡድን ጀመረ። ጥቂት ጨዋታዎች እንዳደረገ የባልቲሞር ኦሪዮልስ ባለቤት ጃክ ደን በጥቂት ሺህ ዶላር ገዛው። የማርቲንስበርግ ቡድን ገንዘቡን የፈለገው ማዕበል ያፈረሰበትን የሜዳ አጥር ለማሠራት እንደነበር ይነገራል።

ኦሪዮልስ ያኔ የሚጫወተው በታችኛው እርከን ቢሆንም እጅግ ጠንካራ ቡድን ነበር። ከ1919 እስከ 1925 በተከታታይ ሰባት ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን ሆኗል። ደን ቀደም ሲል በ1914 ስመ ጥሩውን ቤብ ሩትን ለቦስተን የሸጠ ሰው ነው። ግሮቭን ግን አልሸጥም ብሎ አምስት የውድድር ዘመን ያዘው። በዘመኑ ደንብ ተጫዋች ቡድኑን የመምረጥ መብት አልነበረውም። ግሮቭ በባልቲሞር 108 ጨዋታ አሸንፎ የተሸነፈው 36 ብቻ ነው። በ1924 መጨረሻ ፊላደልፊያ አትሌቲክስ በ100,600 ዶላር ገዛው። ስድስት መቶ ዶላሯ የተጨመረችው ዋጋው ቤብ ሩት ለያንኪስ ከተሸጠበት 100,000 ዶላር እንዲበልጥ ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ወጣት በ1925፣ በትልቁ ሊግ የመጀመሪያ ዓመቱ፣ 10 አሸንፎ 12 ተሸነፈ። 131 መቺዎችን በነፃ አሳለፈ፤ በዚያ ዓመት ከሊጉ ወርዋሪዎች በዚህ የበለጠው አልነበረም። ጉድለቱ አዲስ አልነበረም። በባልቲሞርም ብዙ መቺዎችን በነፃ ያሳልፍ ነበር፤ ነገር ግን እዚያ ፍጥነቱ ብቻውን ስለሚያሸንፍለት ጉድለቱን ለማረም የሚያስገድደው አልነበረም። 108 ድል ያልተማረውን ትምህርት ሸፍኖበት ቆየ።

በፊላደልፊያ በአሠልጣኙ በኮኒ ማክ ሥር ኢላማውን ቀስ በቀስ አስተካከለ። በ1929 እና በ1930 ቡድኑ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። በ1931 ግሮቭ 31 ጨዋታ አሸንፎ 4 ብቻ ተሸነፈ፤ የሊጉ ኮከብ ተጫዋችም ተባለ። በዚያ ዓመት በነፃ ያሳለፋቸው መቺዎች 62 ብቻ ነበሩ።

ጠባዩ ግን እንደ ክንዱ አልታረመም። በዚያው ዓመት በተከታታይ 16 ጨዋታ አሸንፎ የሊጉን ክብረ ወሰን ከተስተካከለ በኋላ፣ ተተኪ ሆኖ የገባ የቡድን ጓደኛው አንዲት ኳስ ስለሳተ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ግሮቭ በንዴት የልብስ መቀየሪያ ክፍሉን ሰባበረ። ታላቅ ሰው በሁሉም ነገር አርአያ አይሆንም፤ ልጆቻችን ይህንንም ማወቅ አለባቸው።

በኢኮኖሚው ድቀት ዘመን ማክ ገንዘብ ስላጠረው በ1933 መጨረሻ ግሮቭን ለቦስተን ሬድ ሶክስ አሳልፎ ሰጠው። በቀጣዩ ዓመት ክንዱ ታመመ፤ ያ የሚፈራ ፍጥነቱም ሄደ። ብዙዎች አበቃለት አሉ። እሱ ግን በ35 ዓመቱ ሌላ ዓይነት ወርዋሪ ሆኖ ተመለሰ፤ ኳሷን ማጠማዘዝን፣ ፍጥነት መለዋወጥንና የመቺውን ድክመት ማጥናትን ያዘ። ነጥብ ባለማስቆጠር በሊጉ አንደኛ ከወጣባቸው 9 ዓመታት መካከል አራቱ ከዚያ ጉዳት በኋላ የመጡ ናቸው። ጁላይ 25 ቀን 1941፣ በ41 ዓመቱ፣ 300ኛ ድሉን አስመዝግቦ በዓመቱ መጨረሻ ተሰናበተ።

ስለ ዘመኑ አንድ እውነት ሳልናገር ባልፍ ታሪኩ ይጎድላል። ግሮቭ በተጫወተባቸው ዓመታት ሁሉ ለጥቁር ተጫዋቾች ያ መሰላል ዝግ ነበር። ሳቸል ፔጅን የመሰለ ድንቅ ወርዋሪ ትልቁ ሊግ የገባው በ1948፣ በ42 ዓመቱ ነው። ጃኪ ሮቢንሰን በ1946 ግሮቭ በባልቲሞር በነበረበት በዚያው ሊግ ተጫውቶ፣ በ1947 ወደ ትልቁ ሊግ አለፈ። ግሮቭ በቤዝቦል የክብር አዳራሽ የተመረጠውም በዚያው በ1947 ነው። አንዱን ያዘገየው ነጋዴ ነበር፤ ሌሎቹን የከለከላቸው ግን የቆዳቸው ቀለም ነው።

ግሮቭ ሜይ 22 ቀን 1975 አረፈ። በ1931 የተሸለመው ዋንጫ ዛሬ የሚገኘው በትውልድ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው።

ወላጆች ሆይ፤ ከሌላ ሥርዓተ ትምህርት የመጣ ልጃችሁ ዝቅ ያለ ክፍል ሲመደብ ቢከፋችሁ አይፈረድም። ሆኖም በየወሩ መቶ ከመቶ ይዞ የሚመጣውንም ልጅ ምን አዲስ ነገር እንደተማረ ጠይቁት። ተማሪዎች ሆይ፤ ቀላል የሆነላችሁ ትምህርት ድክመታችሁን ሊደብቅ ይችላል። በሚቀጥለው ዓመት ከበድ ያለ ክፍል ገብታችሁ ውጤታችሁ ቢወርድ አትደንግጡ፤ የተሳሳታችሁበትን ቆጥራችሁ ከመምህሮቻችሁ ጋር አንድ በአንድ አርሙት። ጉልበት አንድ ቀን ይደክማል፤ በደንብ የተማራችሁት ግን አብሯችሁ ይቆያል።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።