ብብቴና ሐኪም ቬሳሊየስ

እግሬ ተጎድቶ በምርኩዝ ስሄድ ክብደቴን ብብቴ ላይ ጣልኩት፤ ጣቶቼ ደነዘዙ። ገደራ ሄጄ ሐኪሟ ሥዕል አሳየችኝ። የክንድ ነርቮች ከአንገት ወርደው ከትልቁ የደም ሥር ጋራ በብብት ነው የሚያልፉት ለካ!

እንዲህ ያለውን ሥዕል በመጽሐፍ ያስፋፋው አንድሬያስ ቬሳሊየስ መሆኑን የኡልፓን አስተማሪያችን ነገረችኝ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1514 ብራስልስ ተወለደ። ፓዱዋ ሲያስተምር ሬሳ በገዛ እጁ ከፍቶ እያየ የጥንቱን ሐኪም የጋሌንን ስሕተት አረመ። በ1543 ባሳተመው መጽሐፍ የተከፈተ ክንድ ይዞ ይታያል። በ1564 ኢየሩሳሌምን አይቶ ሲመለስ በዛኪንቶስ ደሴት ሞተ። መንገድ ላይ ወገን የቀረብን እኛ ይህ ይገባናል።

ምርኩዝ የያዛችሁ፣ ክብደታችሁን በመዳፋችሁ ቻሉት፤ ብብታችሁን አትጫኑት። እኔ አሁን እየተሻለኝ ነው።