ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ፦ ከመኳንንት ቤት ወደ ገዳም

እናታችን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1592 ከመኳንንት ወገን ተወለደች፤ የዐፄ ሱስንዮስን አማካሪ መልክአ ክርስቶስንም አገባች። የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ዐረፉ። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት ባዘነበለበት ዘመን ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ተገደሉ። ባለቤቷ የሰማዕቱን አልባስ እንደ ያዘ ባወቀች ጊዜ ከእርሱ ጋር መኖርን ተጸየፈች፤ ክብሯንም ትታ መነኮሰች።

ስለ እምነቷ በንጉሡ ሸንጎ ተከሰሰች፤ በዠበይም ሦስት ዓመት በግዞት ኖረች። ስደተኞች ምእመናን ግን ወደ እርሷ ተሰበሰቡ፤ ሰባት ማኅበራትንም መሠረተች። ሃይማኖተ ተዋሕዶ እ.ኤ.አ. በ1632 ወደ ክብሯ ከተመለሰች በኋላ መንፈሳውያን ልጆቿን እየጠበቀች ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ1642፣ ኅዳር 17 ቀን ዐረፈች።

እኛም ሹመትና ዘመድ ሃይማኖታችንን በሚፈትኑበት ጊዜ ጽናቷን እናስብ።

በረከቷ ይደርብን፤ አሜን።